ጋዝና ድፍድፍ ዘይት ከምድር በታች ሲገናኙ

አባቴ የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ እየጫነ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ወደ መኻል አገር ያስገባል፤ በወር ውስጥ በቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከመንገድ ገብቶ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ከመጽሐፍ ያነበብሁትን አንድ ነገር አጫወትሁት። ነገሩም፣ በአሜሪካና በካናዳ የዘይት ጕድጓዶች እየደከሙ ሲሄዱ የቀረውን ድፍድፍ ለማውጣት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ በኀይል ወደ ምድር ውስጥ ይጨምሩበታል የሚል ነው። አባቴም ስኒውን አስቀመጠና «ዘይቱ ከታች እንደ ጕድጓድ ውኃ ተኝቶ ከሆነ፣ አየር ቢነፉበት ይንተከተክ ይሆናል እንጂ ምን ይጠቅመዋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ዕድሜውን ሁሉ ነዳጅ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ጠይቆኝ ዝም ማለቴ አሳፈረኝ።

ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ከመጽሐፍ የቀዳሁት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጽሔታችን ባላቀረብሁት ነበር፤ ነገር ግን ነገሩን በገዛ እጄ ስሞክረው ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ ስሕተቴም ከመጽሐፉ ይልቅ አስተማረኝ።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በየቤታችን ጋዝ ሲባል ለምድጃና ለፋኖስ የሚሆነው ላምባ ነው። እናቴም የዚህን ጽሑፍ ርእስ ባነበብሁላት ጊዜ «ጋዝና ዘይት ያው አንድ አይደለምን?» ብላኛለች። እኔ ግን እዚህ ጋዝ የምለው እንደ አየር ያለውን ነገር ነው፤ ዘይት የምለውም ገና ያልተጣራውንና ከምድር የሚወጣውን ድፍድፍ እንጂ የምግቡን አይደለም።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። ዘይቱ ከምድር በታች እንደ ኩሬ ተንጣሎ የተኛ አይደለም። ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው። አሸዋ ድንጋይ ወይም የኖራ ድንጋይ ለዐይን ድፍን ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ አዲስ የሸክላ እንስራ ውኃ ሲሞሉበት ወደ ውጭ የሚያልበው በእንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ነው። ዘይቱ በነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ ተቀምጧል። ጕድጓድ በተቈፈረ ጊዜ ከታች ታፍኖ የኖረው ግፊት ጥቂቱን ይገፋዋል፤ ይህ የመጀመሪያው ምርት ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ ካለው ዘይት ወደ 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃ እየጨመሩ ቢገፉት ጠቅላላው ከ20 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። የሚበዛው ግን እዚያው ይቀራል።

ስለ ምን ይቀራል? ወጥ የበላንበትን ሣህን በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ብናለቀልቀው ቅባቱ ተጣብቆ እንደሚቀር ሁሉ፣ ውኃው በሰፋው መንገድ ያልፋል፤ የዘይቱ ጠብታ ግን በጠባቡ አንገት ላይ ተወትፎ ይቀራል። በውኃውና በዘይቱ መካከል ያለው ድንበር እንደ ተወጠረ ቆዳ ሆኖ ጠብታው ቅርጹን ለውጦ በጠባቡ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ይህን ሊቃውንት የገጽ ውጥረት ይሉታል። እንግዲህ ጠብታውን ለማውጣት የሚሻለው መንገድ ድንበሩን ራሱን ማጥፋት ነው። ድንበር ከሌለ ጠብታ የሚባል ነገር የለም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚፈለገው ለዚህ ነው። እኛ የምናውቀው ከትንፋሻችን የሚወጣውንና በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ የሚፈላውን ነው፤ ከታች ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ፣ ግፊቱም ከ73 የባሕር ጠለል አየር ግፊት በላይ ከሆነ፣ ጋዝም ነው ፈሳሽም ነው ለማለት የማይቻል ነገር ይሆናል። በ2,000 ሜትር ጥልቀት በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 200 የአየር ግፊት ገደማ ነው። በቤታችን አንድ ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2 ግራም አይሞላም፤ በ50 ዲግሪ ሙቀትና በ200 የአየር ግፊት ግን ያው አንድ ሊትር ወደ 780 ግራም ይመዝናል። ይህን ቍጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ የታመቀው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባና ያሳብጠዋል፤ ዝልግልግነቱንም ቀንሶ ያቀጥነዋል። ከዘይቱም ቀለል ቀለል ያሉትን ክፍሎች ወደ ራሱ ይስባል። ግፊቱ በበቂ ከፍ ካለ፣ ሁለቱ እየተለዋወጡ ሄደው በመጨረሻ በመካከላቸው ድንበር አይታይም። በምዕራብ ቴክሳስ በስከሪ አውራጃ ያለው የኬሊ ስናይደር የዘይት መስክ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. የተገኘ ሲሆን፣ ከጥር 1972 ዓ.ም. ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቧንቧ እየመጣ ይጨመርበት ጀመር። ዘይቱ ያለው ወደ 2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። በካናዳም በዌይበርን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰሜን ዳኮታ፣ ከሰል ወደ ጋዝ ከሚለውጥ ፋብሪካ የወጣው ጋዝ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ እየተጓዘ ወደ መሬት ገብቷል።

ነገር ግን «በበቂ ከፍ ያለ ግፊት» ስንት ነው? ግፊቱ ካነሰ ጋዙ ዘይቱን እያለፈ ብቻውን ይወጣል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከበዛ ደግሞ መጭመቂያው ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ድንጋዩም ሊሰነጠቅ ይችላል። በላቦራቶሪ የሚለካበት የቈየ ዘዴ አለ። ቀጭንና እጅግ ረጅም የብረት ቱቦ እንደ እባብ ይጠቀለላል፤ ደቃቅ አሸዋ ወይም የመስታወት ፍሬ ይሞላበታል፤ ዘይት ይጠጣል፤ ከዚያም ጋዙ ቀስ ብሎ ይገፋበታል። ይህ በየግፊቱ ይደገማል፤ አንዱ መልስ እስኪገኝ ቀኖች አልፎም ሳምንቶች ይፈጃል። ቱቦው «በዚህን ያህል ግፊት ተዋሐዱ» ይላል እንጂ ስለ ምን እንደ ተዋሐዱ አይናገርም። ስለ ምን የሚለውን ለማየት ወደ ሞለኪውሎቹ መውረድ ያስፈልጋል፤ ሞለኪውልንም ከ2,000 ሜትር ድንጋይ በታች በማጉያ መነጽር አይቶ የሚመጣ የለም። ስለዚህ ሊቃውንት በኮምፒዩተር ውስጥ አምሳያውን ይሠራሉ። ሲሙሌሽን የሚሉት ይህንን ነው።

የዚህ ጥበብ አጀማመር ደስ ስለሚያሰኝ ጥቂት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በሎስ አላሞስ፣ ሜትሮፖሊስ ከሁለት ባልና ሚስት ጋር ሆኖ፣ ማለት ከሮዝንብሉዝ ባልና ሚስትና ከቴለር ባልና ሚስት ጋር፣ 224 ክብ ቅንጣቶችን ማኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ በዕጣ እያንቀሳቀሱ የቅንጣቶቹን ጠባይ አሰሉ። ፕሮግራሙን የጻፈችው አሪያና ሮዝንብሉዝ ናት። ዕጣ የሚጣልበት በመሆኑ ዘዴው በቁማር ቤቷ ከተማ ስም ሞንቴ ካርሎ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በሕንድ አገር በሃይደራባድ የተወለደው አኒሱር ራህማን፣ በቺካጎ አጠገብ ባለው በአርጎን ላቦራቶሪ የ864 የአርጎን አቶሞችን ጉዞ በኒውተን ሕግ እርምጃ በእርምጃ አሰላ። ዛሬም ያሉት ዋና ዋና መንገዶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛው ዕጣ ይጥላል፣ ሁለተኛው ጉዞን ይከተላል።

እኔ ኮምፒዩተር በቤቴ የለኝም። 224 ቅንጣት ዕጣ እየተጣለለት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን 64 ቅንጣት በእጅ ስለ ምን አይሆንም ብዬ ተነሣሁ።

በአንድ ትሪ ላይ 8 በ8 የተሰመረ ባለ 64 ቤት ወረቀት ለጠፍሁ። በግራው 32 ቤት ላይ የሽምብራ ፍሬ፣ በቀኙ 32 ቤት ላይ የምስር ፍሬ አኖርሁ። ሽምብራው ዘይት ነው፤ ምስሩ ጋዝ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ አራት ጎረቤት አለው። ጠርዝ ላይ ያሉት ጎረቤት እንዳያጡ የቀኙ ጠርዝ ከግራው፣ የላዩም ከታችኛው ጋር የተገናኘ አድርጌ ቈጠርሁ። ይህ ብልሃት የእኔ አይደለም፤ ትንሹ ሣጥን ጠርዝ የሌለው ሰፊ ነገር እንዲመስል ሊቃውንቱም እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚህ አቈጣጠር 128 ጉርብትና አለ። ከነዚህ ውስጥ ሽምብራ ከምስር ጋር የሚጎራበትበት በመጀመሪያ 16 ብቻ ነው፤ 8ቱ በመካከለኛው ድንበር፣ 8ቱ በተገናኙት ጠርዞች ላይ። ይህን የባዕድ ጉርብትና አልሁት። ዘይት ከዘይት ጋር፣ ጋዝም ከጋዝ ጋር መሆን ስለሚሻለው፣ እያንዳንዱ የባዕድ ጉርብትና ጥቂት ኀይል ያስከፍላል ብዬ ደነገግሁ።

ታናሽ እኅቴ ዕጣ አውጪ ሆነች። ከ8 ብጣሽ ወረቀት አንዱ ረድፉን፣ ከሌላው 8 አንዱ ዓምዱን፣ ከ4 አንዱ አቅጣጫውን ይነግራል። የወጣው ፍሬና ጎረቤቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ዝም እንላለን፤ የተለያዩ ከሆኑ ቦታ እናለዋውጣቸውና የባዕድ ጉርብትናውን እንቈጥራለን። ያልጨመረ እንደ ሆነ ይጸናል፤ ከጨመረ ፍሬዎቹ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። እኔ ራሴ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነበር።

ሦስት ሌሊት ሙሉ አንድ ፍሬ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። በድንበሩ ላይ አንድ ሽምብራና አንድ ምስር በተለዋወጡ ቍጥር 16 የነበረው 22 ይሆናል፤ እንመልሳለን። እኅቴ እንቅልፏ መጣና «ይኸ ምን ጨዋታ ይባላል?» ብላ ተነሣች። እኔ ግን ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ በሳይንስ ክበባችን ቆሜ ጋዝና ዘይት በተፈጥሮ ፈጽሞ እንደማይቀላቀሉ፣ መጽሐፉ የሚለውም አጠራጣሪ እንደ ሆነ ተናገርሁ። ጽሑፌንም ለዚህ መጽሔት አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን እስከ መጨረሻው ሰምተው «በቡና ላይ ስኳር ስትጨምሪ ሳታማስዪው ብትቈዪ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። «ቀስ ብሎ ይሟሟል» አልሁ። «ማን አስገደደው?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ቀጥለውም «አንቺ ሞለኪውሎችሽን ያኖርሻቸው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች ብርድ የለም። እዚያ ሁሉም ነገር ቍልቍለቱን ብቻ ይወርዳል እንጂ ዳገት የሚወጣ የለም። ሙቀት ማለት አልፎ አልፎ ዳገት መውጣት ነው» አሉኝ።

ያፈርሁት ስለ ሳቁ አይደለም። ያን ጽሑፍ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ሐሰቱ በመጽሔቱ ታትሞ ይቀር ነበር፤ ለአባቴም የምሰጠው መልስ እርሱ ነበር።

የሜትሮፖሊስ ሕግ የጎደለኝን ያንን አስቀምጦታል። የሚወርደው እርምጃ ሁልጊዜ ይፈቀዳል፤ ዳገቱም ይፈቀዳል፣ ግን በዕድል። ዳገቱ በረዘመ መጠን ዕድሉ ይጠባል፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን ይሰፋል። እኔም በሳንቲም አደረግሁት። ለተጨመረው ለእያንዳንዱ የባዕድ ጉርብትና አንድ ጊዜ ዘውድና ጎፈር እንጥላለን፤ ሁሉም ጎፈር ከወጣ ለውጡ ይጸናል፤ አንዱ ዘውድ ከሆነ ይመለሳል። ከ16 ወደ 22 ለመውጣት ስድስት ጎፈር በተከታታይ ያስፈልጋል፤ ይህም ከ64 ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሆን ዕድል ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይመጣል። መጀመሪያ የወጣ ጊዜ እኅቴ እልል አለች። አንዱ ሽምብራ ወደ ምስሩ አገር ከገባ በኋላ ለተከታዮቹ መንገዱ ይቀላል፤ ድንበሩ መቦርቦር ይጀምራል።

በሦስት ሳምንት ምሽቶች 4,000 ያህል ዕጣ አወጣን። የባዕድ ጉርብትናው ከ16 ተነሥቶ እየወጣ ሄደና በ34 እና በ38 መካከል እየዋዠቀ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ወዴትም አልሄደም። ትሪው ላይ ድንበር የሚባል አልነበረም፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት የተሰበሰቡ ፍሬዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ በሳንቲሙ ፋንታ የሉዶ ዳይስ ወሰድንና ስድስት ካልወጣ አይፈቀድም አልን። ይህ ብርድ ነው። ተቀላቅለው የነበሩት ሽምብራና ምስር በስምንት ምሽት ውስጥ እየተለዩ በየወገናቸው ተሰበሰቡ፤ ቍጥሩም ወደ 22 ወረደ። ሕጉን የለወጥነው በእጃችን ነው፤ የሆነውን ግን ማንም አላዘዘውም። ይህን በትሪ ላይ ሲሆን ማየት እንዴት እንደሚያስደንቅ በጽሑፍ ለመግለጽ ይቸግረኛል።

ወሰኑስ የት ነው? ትሪው እጅግ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛውን መልስ እናውቀዋለን፤ ምክንያቱም የእኔ ትሪ በሒሳብ አንጻር የማግኔት አምሳያ ከሆነው ከታወቀው የአይሲንግ ሰሌዳ ጋር አንድ ነው፤ ያንንም ላርስ ኦንሳገር እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. ፈትቶታል። ለአንድ የባዕድ ጉርብትና የሚሰጠው ዕድል ከ0.414 በላይ ከሆነ ይቀላቀላሉ፤ ካነሰ ይለያያሉ። የሳንቲሙ 0.5 ነው፤ የዳይሱ ከ6 አንድ ነው። ሳላውቅ አንዱን ከወሰኑ በላይ፣ ሌላውን ከወሰኑ በታች መርጫለሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ በኋላ መጣ። ከትሪው እንደ ተማርሁት ሙቀት ሲጨምር መቀላቀል ይቀላል። ስለዚህ «ድንጋዩ የበለጠ በሞቀ መጠን ጋዙን ለማዋሐድ የሚያስፈልገው ግፊት ያንሳል» ብዬ ጻፍሁ። መጽሐፉን ባመሳክር ግን ተቃራኒው ሆነ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነገር፣ ድንጋዩ ሲሞቅ የሚያስፈልገው ግፊት ከፍ ይላል። ሁለት ቀን ግራ ገብቶኝ ቈየሁ። ጥፋቱ ትሪው ውስጥ ባዶ ቤት አለመኖሩ ነው። 64ቱም ቤት የተሞላ ስለ ሆነ ፍሬዎቹ ሊታመቁም ሊራራቁም አይችሉም፤ ስለዚህ ግፊት የሚባል ነገር የለም። ቅድም እንዲያዝልኝ የለመንሁት ቍጥር አሁን ይምጣ። በ200 የአየር ግፊት በ50 ዲግሪ አንድ ሊትሩ ወደ 780 ግራም የሚመዝነው ጋዝ፣ በዚያው ግፊት ሙቀቱ 100 ዲግሪ ቢሆን ወደ 480 ግራም ብቻ ይመዝናል። ሞለኪውሎቹ ተራርቀዋል ማለት ነው። አንድ የዘይት ሞለኪውል ወደ ጋዙ ቢወጣ የሚስበው ጎረቤት ያንስበታል፤ ስለዚህ ወደ ወገኑ ይመለሳል። እንደገና እንዲከበብ ከተፈለገ ግፊቱን መጨመር ግድ ይሆናል።

እውነተኛዎቹ ሲሙሌሽኖች ይህን ሁሉ ያካትታሉ። በነርሱ ዘንድ ሞለኪውሎቹ በቤት ውስጥ የታሰሩ አይደሉም፤ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ። ሁለት ቅንጣቶች እጅግ ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፤ ጥቂት ሲራራቁ ይሳሳባሉ፤ በጣም ሲራራቁ ይረሳሳሉ። የዚህ ዓይነቱን ቀመር ሌናርድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. አቅርቦ ዛሬም ይሠራበታል። ከዘይቱ ክፍሎች አንዱ ዴካን ነው፤ 10 ካርቦን እንደ መቍጠሪያ የተደረደረበት ሰንሰለት ነው፤ በአንዳንዱ ሲሙሌሽን እያንዳንዱ ካርቦን ከነሃይድሮጂኑ እንደ አንድ ዶቃ ይቈጠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ቀጥ ያለ ባለ ሦስት አቶም ነው፤ በመካከል ያለው ካርቦን ጥቂት የአዎንታ ሙል፣ በዳርና በዳር ያሉት ኦክስጂኖች ጥቂት የአሉታ ሙል ይሰጣቸዋል። ጎኑ 5 ናኖሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ የሚገባው ዴካን 400 ሞለኪውል አይሞላም። ኮምፒዩተሩ በያንዳንዱ እርምጃ ጊዜን በ2 ፌምቶሰከንድ ያህል ያራምዳል፤ አንድ ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል፣ የዚያ ደግሞ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። 10 ናኖሰከንድ ለማየት 5 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። የእኔና የእኅቴ 4,000 ዕጣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ያስቃል።

ዘይቱን በመካከል፣ ጋዙን በግራና በቀኝ አድርገው ያስኬዱታል፤ በድንበሩ ላይ ያለውንም የገጽ ውጥረት በየግፊቱ ያሰላሉ። ግፊቱ ሲጨምር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ በድንበሩ ላይ ይከማቻል፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ዘይቱም ያብጣል፤ ውጥረቱ እየወረደ ይሄዳል። ነጥቦቹን በመስመር አያይዘው ወደ ዜሮ ቢያደርሱት፣ መስመሩ ዜሮ የሚነካበት ግፊት የሚፈለገው ግፊት ነው። ስለ ምን ናይትሮጂን ለዚህ ሥራ እንደሚያንስም ከዚህ ይታያል። የናይትሮጂን ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከዘይቱ ጋር የሚሳሳቡት በደካማ ኀይል ነው፤ ወደ ፈሳሽ ለመለወጥ እንኳ ከዜሮ በታች ከ147 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ አለበት። እንዲዋሐድ የሚጠይቀው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ነው። በሜክሲኮ በካንታሬል የባሕር መስክ እ.ኤ.አ. ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ናይትሮጂን ሲጨመር ዋናው ሐሳብ የደከመውን ግፊት መጠበቅ ነበር እንጂ ማዋሐድ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስል ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ትሪዬ ሁለት ጊዜ እንዳሳሳተኝ፣ ትልቁም ትሪ የሚመልሰው በሰጡት ሕግ መጠን ነው። የመሳሳቢያው ቍጥሮች የተመረጡት በላቦራቶሪ ከተለካ ነገር ጋር እንዲስማሙ ተደርገው ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ዘይት ክብደትና እብጠት አስቀድሞ በትክክል ያልተናገረ ሲሙሌሽን በሌላው ላይ ሊታመን አይገባውም። እውነተኛውም ድፍድፍ ዴካን ብቻ አይደለም፤ ብዙ መቶ ዓይነት ነገሮች ያሉበት ጥቍር ድብልቅ ነው። ከነዚህ ውስጥ አስፋልቲን የሚባሉት ከባዶቹ ጋዙ ሲገባ ተለይተው ይዘቅጡና የድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍናሉ። በንጹሕ ዴካን የተሠራ ሲሙሌሽን ይህን ፈጽሞ አያይም። በእኔ ግምት የቱቦው ላቦራቶሪ ሊዘጋ የሚገባው ገና አይደለም።

አባቴ በጥምቀት ሰሞን በመጣ ጊዜ ትሪውን አወጣሁና ሁሉንም አሳየሁት። ሳንቲሙን ራሱ እየጣለ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። በመጨረሻም «እሺ ልጄ፤ ዘይቱ ወጣ እንበል። ጋዙስ የት ይሄዳል?» አለኝ። ከፊሉ ከዘይቱ ጋር ይወጣል፤ ተለይቶም እንደገና ወደ ታች ይመለሳል፤ ከፊሉ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል አልሁት። «እንግዲያው ጢሱን መቅበር ነው፤ መልካም ነው» አለ። እኔ ግን ቍጥሩን አስቀድሜ አይቼው ስለ ነበር እንደዚያ ብዬ ልተወው አልቻልሁም። አንድ በርሜል ድፍድፍ ሲቃጠል ወደ 430 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በአሜሪካ አንድ በርሜል ለማውጣት የሚጨመረው ጋዝ ከ300 እስከ 600 ኪሎ ግራም ይገመታል። እንደ መስኩ ሁኔታ የሚቀበረው ከሚቃጠለው ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል ማለት ነው። ደግሞም በአሜሪካ የሚበዛው ጋዝ ከፋብሪካ ጢስ የተያዘ ሳይሆን፣ ራሱ ከምድር በታች ካለ የተፈጥሮ ክምችት ተቈፍሮ የመጣ ነው፤ ከአንዱ ጕድጓድ አውጥቶ በሌላው መቅበር ጢሱን አይቀንስም። እንደ ዌይበርን ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

አባቴ ጥቂት ዝም አለ። እርሱ በሚነዳው ነዳጅ ነው እኔ የምማረው፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። «እኔ የምጭነው በርሜል ከየትኛው ጕድጓድ እንደ ወጣ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም» አለኝ። ቢጻፍ መልካም እንደሚሆን ተስማማን።

አሁን 10 በ10 የሆነ አዲስ ወረቀት አስምሬያለሁ። በዚህኛው ላይ 40 ቤት ባዶ ይሆናል፤ ባዶዎቹን እየቀነስሁ ጋዙን አምቃለሁ፤ ግፊትም ይገባበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለዚህ 30 ሽምብራና 30 ምስር ይበቃል። የፊተኛውን ምስር እናቴ በጾሙ ወጥ ስለ ሠራችበት አዲስ መልቀም ሊኖርብኝ ነው፤ እኅቴም ዕጣ የምታወጣው በምሽት ከ50 ጊዜ እንዳይበልጥ ተዋውለናል።